ጀርባውን የሰጠኝ ሳጥን

ጠረጴዛዬ ሥር ተንበርክኬ ያሳለፍኩት ጊዜ ቢደመር ስንት እንደሚሆን አስልቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ ካሳለፍኩት ግን ሳይበልጥ አይቀርም፤ ይህን የምለው በኩራት አይደለም።

ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ አትሜ እጠርዛለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመራማሪዎች በስልክ የቀዱትን ቃለ መጠይቅ እያዳመጥኩ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ደንበኛ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገረው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፍላሽ ይዣለሁ» ይለኛል። ያን ጊዜ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ፣ ድሪያዬን ሰብስቤ ወደ ጠረጴዛው ሥር እገባለሁ። ድሪያ ለማያውቅ አንባቢ፣ በድሬ ዳዋና በሐረር ሴቶች ለሙቀቱ የምንለብሰው ሰፊና ስስ ቀሚስ ነው። ለድሬ ፀሐይ አቻ የለውም፤ ለመንበርከክ ግን ከእሱ የከፋ ልብስ አይገኝም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ባለፈው ዓመት ሰኔ የሆነው ነገር ነው። አንድ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም መጣ። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው፤ ማራገቢያው የሚሠራው ሥራ ያንኑ ሙቅ አየር ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ማመላለስ ብቻ ነው። ፍላሹን ተቀብዬ ሥር ገባሁ። በግራ እጄ ሳጥኑን አቅፌ በቀኝ እጄ ከኋላው እየዳበስኩ ቀዳዳ ፈለግሁ። አገኘሁ። ፍላሹ ሳያንገራግር ገባ። በመጀመሪያው ሙከራ መግባቱ ብርቅ ነውና ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ጠበቅን። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። አሁንም ምንም የለም።

«ፍላሽህ ሳይበላሽ አልቀረም» አልኩት።

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ሌላ ቦታ አስቀምጦት እንደሆነ ብጠይቀው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። የአራት ዓመት ልፋቱ በእኔ ጠረጴዛ ሥር ውኃ በላው ማለት ነው። ምን እንደምለው ቢጠፋኝ የስልኬን መብራት አብርቼ ተመልሼ ገባሁ፤ እንዲያው ለወጉ ያህል። ፍላሹ የኔትወርክ ገመድ በሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጧል።

የዩኤስቢ ራስ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኔትወርኩ ቀዳዳ ስፋትም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ዓይን ሁለቱን በፍጹም አያምታታቸውም። ጣት ግን ያምታታል። ፍላሹን ነቅዬ ትክክለኛው ቀዳዳ ውስጥ ብሰካው ጽሑፉ ከነስሙ፣ ከነምስጋናው፣ ሳይጎድል ወጣ። ልጁ ሳቀ፤ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። እኔ አልሳቅሁም። ማታ ቤቴ ስገባም አልሳቅሁም። እጄ የሠራውን ስሕተት ለፍላሹ ሰጥቼ፣ የሰው ልጅ ላብ በላብ ማድረጌ ነው ያንገበገበኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ሳጥን እንደ ጎረቤት አስተውለው ጀመር። እኛ አገር ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» እንለዋለን። ስሙ በትክክል ውስጡ ያለች የአንዲት ቺፕ ስም ነው፤ ሰውየውን በሙሉ «ልብ» ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነገር። ደንበኛ ፊት እኔም ሲፒዩ እላለሁ፤ እዚህ ግን ሳጥን ልበለው። ሳጥኑ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፤ የአምራቹ አርማ አለበት፣ ሲበራ ሰማያዊ መብራት ያበራል። ጀርባው ላይ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ተደራርበው ተቀምጠዋል። በአማርኛ ሰው ሲገላምጥህ ፊት ነሳኝ ትላለህ፤ ጭራሽ ሲንቅህ ደግሞ ጀርባውን ሰጠኝ ትላለህ። የእኔ ሳጥን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፊቱን ሰጥቶ ነው የሚንቀኝ፤ የምፈልገው ሁሉ ያለው ጀርባው ላይ ነውና።

ለፍትሕ ያህል፣ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ጠረጴዛዬ ማተሚያውን፣ ስክሪኑን፣ የደንበኛ ወረቀቱን ችሎ ሳጥን አይጨምርም። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ቀዝቀዝ ይላል፤ ለማሽኑ ይሻለዋል ብዬም አስቤ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ሽቦው የዶሮ አንጀት መስሎ ለደንበኛ እንዳይታይ ብዬ ነው ጀርባውን ግድግዳ ላይ ያስደገፍኩት። ለዓይን ያማረ ሱቅ ፈለግሁ፤ ዋጋውን ጉልበቴ ከፈለ።

ሳጥኑን የነደፉት ሰዎች እንዲያው ሰው ለማስቸገር ብለው ያደረጉት አይደለም። ዛሬ የምናየው አሠራር መሠረቱ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው መለኪያ ነው። ከዚያ በፊት ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ከሳጥኑ ዋና የውስጥ ሰሌዳ ላይ በቀጥታ የሚወጣው በአብዛኛው የኪቦርዱ መሰኪያ ብቻ ነበር፤ የቀሩት በውስጥ ገመድ እየተሳቡ ነበር ወደ ሳጥኑ ጀርባ የሚደርሱት። ኤቲኤክስ ሁሉንም ሰብስቦ ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ በየዳቸው። ገመድ ቀረ፣ ወጪ ቀነሰ፣ የሚላላም ነገር ቀነሰ። ብልህ ሥራ ነበር። ደግሞም በዚያን ጊዜ ከኋላ የሚሰካው ምን ነበር? ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ስክሪን፣ ማተሚያ። አንዴ ተሰክተው እስኪያረጁ የማይነቀሉ ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ጀርባ ላይ ማድረግ ምንም ነውር የለበትም።

በየቀኑ የሚገባና የሚወጣው ነገርስ? እሱማ ፊት ለፊት ነበር! ፍሎፒ ዲስክ የምናስገባበት አፍ የት ነበር? ከፊት። ሲዲውስ? ከፊት። ደንበኛ ይዞት የሚመጣው ነገር በፊት በር ይገባ ነበር ማለት ነው። ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 መጣ፤ የታሰበውም ለኪቦርዱ፣ ለማውሱና ለማተሚያው ነበርና የእነሱን ቦታ ወረሰ፤ ጀርባውን። ፍላሽ ለገበያ የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሥራው የፍሎፒ ሥራ ነው፤ ቀዳዳው ግን የማተሚያው ቀዳዳ ሆነ። ፍሎፒን ገድሎ ርስቱን ሳይወርስ ቀረ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ማንም ክፉ ሳያስብ። በኋላ ፊት ለፊት አንድ ሁለት ቀዳዳ ጨመሩለት፤ ግን እንደ ምርቃት እንጂ እንደ ዋና በር አላዩትም።

ስለ ቀለሙ ሳልናገር አላልፍም። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፒሲ 99 በተባለው መመሪያቸው ለየቀዳዳው ቀለም ሰጡት። ለድምፅ ማጉያ አረንጓዴ፣ ለማይክሮፎን ሮዝ፣ ለድምፅ ማስገቢያ ውኃ ሰማያዊ፣ ለኪቦርድ ሐምራዊ። መመሪያው ጥሩ ነው፤ አሁንም ድረስ የሚሠራበት አለ። ግን ከግድግዳና ከሳጥን መካከል ባለችው የአራት ጣት ጨለማ ውስጥ ሮዝና አረንጓዴን የሚለይ ማን ነው? የጆሮ ማዳመጫዬን የማይክሮፎኑ ቀዳዳ ላይ ሰክቼ፣ ቅጂው ድምፅ የለውም ብዬ ለተመራማሪው የደወልኩበት ቀን አለ። ያን ታሪክ በዝርዝር አልጽፈውም። አንድ ኀፍረት ለአንድ ጽሑፍ ይበቃል።

«የፊቱን ቀዳዳ ለምን አትጠቀሚም?» የሚል አንባቢ እስካሁን ትዕግሥቱ አልቆ ይሆናል። የፊቱ ቀዳዳ አይሠራም ነበር። ሁለት የዩኤስቢ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ የማይክሮፎን ቀዳዳ ፊቱ ላይ አሉ፤ አራቱም በድን ናቸው። ሳጥኑን የገዛሁት ያገለገለ ሆኖ ነው። ስገዛው ሞቶ የመጣ መስሎኝ «ያገለገለ ዕቃ ጉድለት አያጣውም» ብዬ አምስት ዓመት ኖርኩ።

ከተማሪው ጉዳይ በኋላ አንድ ጎበዝ ጠጋኝ ልጅ አስጠራሁ። መጣ፤ ሳጥኑን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣው፤ የጎኑን ቆርቆሮ ፈታ። የወጣው አቧራ ሌላ ታሪክ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደርቆ በነፋስ ከተማውን ሲዞር የሚያድረው እኔ ሳጥን ውስጥ ኖሯል። ልጁ በብሩሽ ጠረገው፣ እፍ አለው፣ ካስነጠሰው በኋላ ጣቱን ወደ አንድ ጥግ ቀሰረ።

«እህቴ፣ ይህን አየሽው?»

ከፊት ለፊቱ ቀዳዳዎች የሚነሡት ቀጫጭን ገመዶች እንደ ተጠቀለሉ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ እንደ ታሰሩ ተንጠልጥለዋል። ማሰሪያው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው። ሳጥኑን የገጣጠመው ሰው፣ ማንም ይሁን የትም ይሁን፣ ገመዶቹን ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሰካ ነው የዘጋው። አልሞቱም፤ ከመጀመሪያውም አልተወለዱም።

ልጁ ማሰሪያውን ቆረጠው። ከዚያ አሳየኝ። ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ በሁለት ረድፍ የቆሙ ጥቃቅን የብረት ፒኖች አሉ፤ የዐሥር ፒን ቦታ ነው፤ የቆሙት ግን ዘጠኝ ናቸው። ዐሥረኛዋ ሆን ተብላ የተተወች ናት፤ የገመዱ ራስ ላይም በዚያው ልክ አንድ ቀዳዳ ተደፍኗል። ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። የድምፁና የዩኤስቢው ይመሳሰላሉ፤ ግን የጎደለችው ፒን ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። እኔ ፍላሽ ኔትወርክ ውስጥ ስሰካ እንዲህ ያለ ደግ አሳቢ አልነበረኝም። የድምፁ ገመድ ደግሞ ሁለት ራስ ነበረው፤ አንዱ ኤሲ 97 ለተባለው ለቀድሞው አሠራር፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2004 እሱን ለተካው ኤችዲ ኦዲዮ። ልጁ የኋለኛውን መርጦ ጫን አደረገው፤ ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ። የዩኤስቢውንም እንዲሁ። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የአምስት ዓመት ስግደት በሁለት ደቂቃ አለቀ።

አለቀ ልበል እንጂ አላለቀም።

ማታውኑ የጆሮ ማዳመጫዬን ፊት ላይ ሰክቼ የአንዲት እናት ቃለ መጠይቅ መገልበጥ ጀመርኩ። ከድምፃቸው ሥር እንደ ክረምት እንቁራሪት የሚንጫጫ ነገር አለ። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ጫጫታው ይለወጣል። ሳቆም ይቀንሳል። ጠጋኙን ደውዬ ብጠይቀው ምክንያቱ ቀላል ነው። የኋላው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ድምፁ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው፤ የፊቱ ግን በቀጭን ገመድ ሳጥኑን አቋርጦ፣ በኃይል ማደያው በኩል፣ በሌሎች ገመዶች መካከል አልፎ ነው የሚደርሰው። ገመዱ በደንብ ካልተሸፈነ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ለቃቅሞ ጆሮዬ ውስጥ ያራግፋል። ለዘፈን ችግር የለውም። አራት ሰው በአንድ ላይ ሲናገር፣ ያውም አማርኛውና ኦሮምኛው እየተቀላቀለ፣ ማን ምን እንዳለ ለይቶ መጻፍ ለሚኖርበት ሰው ግን ትልቅ ችግር ነው። በፊት በር አስገብቶ ጆሮ ማደንቆር ማለት ይህ ነው።

ሌላው ችግር ጉልበት ነው፤ ዘንድሮ ነገሬ ሁሉ ጉልበት ሆኗል። ሳጥኑ ወለል ላይ፣ ፊቱ ወደ እኔ ነው፤ የፊቱ ቀዳዳ ደግሞ በትክክል የጉልበቴ ከፍታ ላይ ነው። አንድ ቀን ፍላሽ እንደ ተሰካ ወንበሬን ሳዞር በጉልበቴ መታሁት። ፍላሹ ጎበጠ፤ ቀዳዳው ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ምላስም ተሰበረች። ፍላሹ የራሴ ስለነበረ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ታዲያ ለወለል ሳጥን ቀዳዳው ፊቱ ላይ ሳይሆን አናቱ ላይ መሆን ነበረበት፤ እንዲህ የተሠሩም አሉ። አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የደቻቱን አቧራ ይጠጣል። ለጠረጴዛ የሚሆነው ለወለል አይሆንም፤ ለፓሪስ የሚሆነው ለድሬ አይሆንም።

ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ደንበኛ አሉኝ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ ለልጆቻቸው የሚተዉትን የሕይወት ታሪካቸውን ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚሁ ድሬ ዳዋ፣ በሸመንደፈሩ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ጠጋኙ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጠዋት፣ እኔ ሥር ገብቼ ስታገል ከበላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ ሎኮሞቲቭ ሥር የሚገባው ሰው ቆሞ እንዲሠራ ብለን መሬቱን ቆፍረንለት ነበር። አንቺ በጉልበትሽ የምትሄጂው ከሎኮሞቲቩ ምን የሚበልጥ ነገር ኖሮት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ወርክሾፑን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በሐዲዶቹ መካከል ረጅም ጉድጓድ አለ፤ ሠራተኛው ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆሞ የማሽኑን ሆድ ያያል። ማሽኑ ወደ ሰው ዝቅ ሊል ካልቻለ መሬቱ ለሰው ዝቅ አለለት ማለት ነው። ጋሼ ወሬ ከጀመሩ አያቆሙምና ስለ አዲሱ ባቡር ጣቢያም አነሡ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐረርን በተራራው ምክንያት ትቶ ሜዳው ላይ ሲቆም ከተማዋ በጣቢያው ፊት ለፊት ተወለደች። ከጣቢያው ስትወጣ ከዚራ ነህ፤ ጥላው ነህ፤ ቡናው ነህ። የአሁኑ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ባጃጅ ወይም መኪና ይፈልጋል። «የከተማውን ፊት ወስደው ጓሮ አደረጉት» አሉ። እኔ በሙሉ ልቤ አልተስማማሁም፤ ኮንቴይነር ከዚራ መሀል ምን ይሠራል? ሻንጣ ያነገተች እናት ግን ሌላ ነገር ናት። ዘወትር የሚመላለሰውንና አንዴ የሚመጣውን በአንድ በር ማስተናገድ ነው ችግሩ። ይህን ስነግራቸው «እሱንም ጻፊው» አሉኝ፤ ጻፍኩላቸው።

ስለ ጆሮ ማዳመጫው ጃክ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ አስገረመኝ። ይህ ቀዳዳ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1878 አካባቢ፣ በአሜሪካ የስልክ ማዞሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዛሬም በጊታርና በትላልቅ የድምፅ መሣሪያዎች ላይ ያለው እሱ ነው። ማዞሪያው ፊት ሴቶች ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው በቀዳዳ የተሞላ ሰሌዳ አለ፤ «እገሌን አገናኚኝ» ሲባሉ ገመዱን አንሥተው ይሰካሉ። ደንበኛ ሲበዛ ሴቲቱ ከወንበሯ እንዳትነሣ፣ ያው መስመር በየጥቂት ወንበሩ ፊት እየተደገመ ይዘረጋ ጀመር። ሰሌዳው ሁሉ በክንድ ልክ የተሠራ ነበር። የሴት ክንድ! ከዚያ ቀዳዳው ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ቀጠነና በኪስ ሬዲዮ ገባ፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ዎክማን ዓለምን አዳረሰ። በመጨረሻ እኔ ሳጥን ጀርባ ላይ፣ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ አገኘሁት። የዛሬ 140 ዓመት አካባቢ ለአንዲት ሴት ክንድ ተለክቶ የተሠራ ነገር ለሌላዋ ሴት ክንድ ሳይበቃ ሲቀር ምን ይባላል?

ውድ ኮምፒውተር የገዛ ከዚህ ይድናል እንዳትሉኝ። ፎቶ አንሺው ጎረቤቴ ስክሪኑና ሳጥኑ አንድ የሆነ አይማክ አለው፤ ድሮ የተገዛ። የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ከስክሪኑ ጀርባ ነው። እሱም እንደኔ ስክሪኑን አቅፎ ሲዳብስ አይቼው ልቤ ቂቤ ጠጣ። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው የመጀመሪያው አይማክ ፊቱ ላይ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ነበረው፤ ሁለት ሰው እኩል እንዲሰማ። ከዚያ ማማሩ በዛና ወደ ኋላ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ግን ቀዳዳውን ወደ ጎን አመጣው። ለተጠቃሚው አዝነው ነው ብዬ ላመሰግን ነበር፤ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ከመቅጠኑ የተነሣ ውፍረቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የጃኩ ጥልቀት ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ከኋላ ቢሰካ በስክሪኑ ሊወጣ ነው! ስለዚህ ወደ ጎን አዞሩት። በቅጥነት ምክንያት ምሕረት ተደረገልን። ማክ ሚኒ የተባለው ትንሹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የጆሮ ማዳመጫውንና ሁለት ዩኤስቢ ሲ ወደ ፊት አመጣ፤ ደግ ሥራ ነው። በዚያው እጃቸው ግን ማብሪያውን ከሥሩ ከተቱት። አንድ ነገር ሳይደብቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም መሰለኝ።

ወደ ራሴ ሱቅ ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግሁት ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ አንዲት ሃብ መግዛት ነው፤ አንድ ገመድ ወደ ሳጥኑ ትገባለች፣ በሌላው ጫፍ አራት ቀዳዳ አላት። የገዛኋት ከአንድ ቀን ገቢዬ ባነሰ ዋጋ ነው። ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር በሁለት ፊት ማጣበቂያ ለጠፍኳት፤ ጣቴ ሳላይ የሚያገኛት ቦታ ላይ። ጥቅሟ ከመንበርከክ ማዳን ብቻ አይደለም። በመለኪያው መሠረት ተራው የዩኤስቢ ቀዳዳ ቢያንስ 1,500 ጊዜ ተሰክቶ መነቀልን መቻል አለበት። ብዙ ይመስላል፤ በቀን አርባ ፍላሽ ለሚሰካ ቤት ግን የ38 ቀን ያህል ዕድሜ ነው። በእርግጥ ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ግን መላላቱ አይቀርም። ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደው ቀዳዳ ከላላ ብየዳ ነው፣ ጠጋኝ ነው፣ ሥራ መፍታት ነው። ሃቧ ከላላች ግን ቆርጬ እጥላታለሁ። አዲሱ ዩኤስቢ ሲ 10,000 ጊዜ እንዲችል ነው የታሰበው፤ በዚያ ላይ ላይና ታች የለውም። የድሮው ለምን እንደዚያ እንዳልሆነ ከፈጣሪዎቹ አንዱ አጃይ ባት በኋላ ተናግሯል፤ በሁለቱም በኩል እንዲገባ ማድረግ ሽቦውን እጥፍ ያደርገው ነበር፣ ዋጋውንም ያንረው ነበር። ምክንያቱን ካወቅሁ ወዲህ ፍላሽ ሦስቴ ሳገላብጥ እንደ ድሮው አልሳደብም። በልቤ ብቻ ነው።

ሃቧ ግን ሁሉን አትችልም። ተራው ዩኤስቢ 2.0 ከአንድ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ሃቧ ያንኑ ለአራት ታካፍላለች። የሠርግ ቪዲዮ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲሰካባት ዲስኩ ትንሽ ያጉረመርምና ይጠፋል። እሱን በቀጥታ ከኋላ መሰካት ግድ ነው። ጥርት ያለው ድምፅም ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ ጀርባው አሁንም ያስፈልገኛል።

መላው የመጣልኝ አንድ ቅዳሜ ሱቁን ስጠርግ ነው። ሳጥኑን ጎትቼ አውጥቼ፣ ወለሉን ጠርጌ ልመልሰው ስል ቆም አልኩ። በግራዬ በኩል ዱካ አስቀምጬ፣ ሳጥኑን እሱ ላይ አውጥቼ አዞርኩት። አርማውና ሰማያዊው መብራት ወደ ግድግዳ፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደ እኔ። ሮዝ ሮዝ ነው፣ አረንጓዴም አረንጓዴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫዬን ቁጭ ብዬ፣ እያየሁ ሰካሁ። ያቺ እናት ያለ እንቁራሪት ተናገሩ።

የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ከኃይል ማደያውና ከማራገቢያው የሚወጣው ትኩስ አየር በጀርባው በኩል ነው፤ አሁን ግራ ክንዴ ላይ ነው የሚነፍሰው። በድሬ ሙቀት ላይ ሌላ ድሬ። ሽቦውም ለሰው ሁሉ ታየ፤ የዶሮ አንጀቱ ሜዳ ላይ ተሰጣ። አንዳንዱ ደንበኛ ገብቶ ያየውና ሱቁ ገና እየተገጣጠመ መስሎት «ሥራ አልጀመራችሁም?» ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ያ ጠጋኝ ልጅ አዲስ ማተሚያ ሊገጥምልኝ መጣ። እኔ ከደንበኛ ጋር ሳወራ እሱ ሥራውን ጨርሶ፣ ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ ሽቦውን በማሰሪያ ሰብስቦ፣ ሳጥኑንም በትሕትና ፊቱን ወደ ሰው መልሶት ጠበቀኝ። ሰማያዊው መብራት ደምቆ ያበራል። ሱቁ እውነትም አምሮበታል። አመሰገንኩት፣ ከፈልኩት፣ እስከ በሩ ሸኘሁት።

ስመለስ አንዲት ልጅ ቆማ ጠበቀችኝ። «ፍላሽ ይዣለሁ» አለች። ቆይ አልኳትና ሳጥኑን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ገመዶቹ እንዳይሳቡ ቀስ አድርጌ አዞርኩት።

«ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ አልተበላሸም» አልኳትና እጄን ለፍላሹ ዘረጋሁ።